ያልተካፈሉት ኪሳራ

ዘሊካ ሙህዲንን መጀመሪያ ያየችው ከሚሴ ገበያ ዳር፣ አንድ ሳጥን ሙሉ ቲማቲም ለፍየል ሲያበላ ነው። ደላላው የቆረጠለት ዋጋ የባጃጁን ሂሳብ እንኳ አይመልስም ነበር። እሷ ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት እየተመለሰች ነው፤ ያን የመሰለ ቲማቲም ለፍየል ሲቀርብ አይታ ማለፍ አልሆነላትም።

«ምነው ወንድሜ፣ ሰው ጠፋ?»

«ደላላው እየሰደበ ነው የሚወስደው» አለ ቀና ሳይል። «ፍየሏ ቢያንስ ዝም ብላ ትበላለች።»

ሳቀች። ቀና አለ። ፍየሏ ግን ሥራዋን ቀጠለች።

ነገሩ ከዚህ ተጀመረ። ዘሊካ ለሥልጠና በሄደችበት ከተማ ያየችውን አጫወተችው። ሰዎች ተሰባስበው በዘር ጊዜ ለገበሬው አስቀድመው ይከፍሉታል፤ እሱም ማሳው ከሰጠው ላይ በየሳምንቱ ድርሻቸውን ያመጣላቸዋል። መሀል ላይ ደላላ የለ፣ አራጣ የለ። ሙህዲን ከከሚሴ ወረድ ብሎ ጨፋ ውስጥ ከአባቱ የወረሳት ማሳ ነበረችው፤ የጎደለው ዘር መግዣና የሚያምነው ሰው ነበር።

ዘሊካ ጎረቤቶቿን ሰበሰበች። የእህል ነጋዴው አባቷ፣ ሐጂ አብዱልፈታህ፣ «ገና ያልበቀለ ቲማቲም ልትሸጪልኝ ነው?» ብለው ሳቁባት። ግን እሳቸውም ገቡ፤ ልጃቸው ስትለምናቸው እምቢ ማለት አያውቁበትም። ውሉን በአንደበት ያሰሩት ልብስ ሰፊዋ ወይዘሮ አስያ ናቸው።

«ከበረከተ እንካፈላለን፤ ከጠፋም እንካፈላለን። ያለዚያማ ከገበያው መግዛት ምን አነሰን?»

ሁሉም እጁን ዘርግቶ «አሚን» አለ።

ሐሙስ ሐሙስ ሙህዲን ሽንኩርቱን፣ ጎመኑን፣ ቃሪያውንና ቲማቲሙን በባጃጅ ጭኖ «አካም ቡልተን» እያለ በኦሮምኛ ሰላምታ እየሰጠ ይመጣል። ጎመን ሲያዩ ፊታቸውን ያጠቁሩ የነበሩ ልጆች «የሙህዲን ነው?» ብለው ጠይቀው መብላት ጀመሩ። ቅዳሜ ደግሞ ከተሜው ጨፋ ወርዶ ያርማል። ዘሊካ መጀመሪያ ቀን ከአረሙ ጋር ሽንኩርቱንም ነቅላ ጨረሰችው፤ ሙህዲን ምንም ሳይናገር ከኋላዋ እየተከተለ መልሶ ተከለው።

ድርሻ ሲከፋፈል የሷን ዘንቢል ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ይሞላዋል።

«ለምንድን ነው እኔ ሁሌ መጨረሻ?» አለችው አንድ ቀን።

«ቀድሜ ብሰጥሽ ትሄጃለሻ።»

ከዚህ በላይ ምን ይባላል? ምርቱ ሲያበቃ ሽማግሌ ሊልክ ተስማሙ። አባቷም ነገሩ ገብቷቸው ኖሮ ጠርተው አነጋገሯት።

«ገበሬ ነው ብዬ አልንቀውም፤ እኔም የገበሬ ልጅ ነኝ። ቃሉን የሚጠብቅ ሰው ከሆነ ሽማግሌው ይምጣ። ውሸት ካየሁበት ግን ከደጄ አይድረስ።»

ዘሊካ ይህን ሳትጨምር ሳትቀንስ ለሙህዲን ነገረችው። ምነው ባልነገረችው!

በበልጉ ማብቂያ ሰማዩ ተቀዶ ሲያፈስ ሰነበተ። ሐሙስ ሲደርስ ግን ሙህዲን እንደ ወትሮው መጣ፤ ዘንቢሎቹም ሞሉ። ዓይኑ ብቻ ቀልቷል።

«ዝናቡ አልጎዳህም?»

«አልሀምዱሊላህ፣ ደህና ነው።»

አመነችው። የወደደ ሰው ማመን ይቀለዋል። በሚቀጥለው ሐሙስም እንዲሁ መጣ፣ በሚቀጥለውም። ቅዳሜ እንውረድ ሲሉት ግን መንገዱ ጭቃ ነው እያለ ይመልሳቸዋል።

አንድ ቀን አባቷ እህል ሊገዙ ጨፋ ሮቢት ወርደው ተመለሱና ምሳ ላይ እጃቸውን ከገበታው ሰበሰቡ።

«ያ ልጅ ቲማቲም በሳጥን ሲገዛ አየሁት።»

«ለሌላ ሰው ይሆናል፣ አባዬ።»

«ጠየቅኳ! ማሳውን የቦርከና ወንዝ ከወሰደበት ሰንብቷል አሉኝ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል፣ ልጄ።»

ሐሙስ ዕለት ሰው እስኪበተን ጠበቀች። ሙህዲን ዘንቢሏን ሊቀበላት እጁን ሲዘረጋ አልሰጠችውም።

«ማሳህ እንዴት ነው?»

የተዘረጋ እጁን ሰበሰበ። «ደለል ነው የቀረኝ» አለ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ሽማግሌ ልልክ ስሰናዳ፣ አባትሽ ደጅ በባዶ ዘንቢል ልቁም?»

«ኪሳራውንም ልንካፈል አይደል ዱዓ ያደረግነው?»

«ሌላው ይካፈል። አንቺ ግን ባዶ እጄን እንድታዪኝ አልፈለግኩም።»

ይህ ቃል ከውሸቱ በላይ አቃጠላት። «ማሳህ ሲጠፋ ያልነገርከኝ፣ ቤታችን ሲጎድል ልትነግረኝ ነው? ተወው። ሽማግሌም አትላክ።»

ዘንቢሏን መሬት ላይ ጥላ ሄደች። ይከተለኛል ብላ እርምጃዋን ቀነስ አደረገች። አልተከተላትም።

በማግስቱ ከጁምዓ በኋላ ለሁሉም ተናገረች። ጩኸት ጠብቃ ነበር። ወይዘሮ አስያ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ልጁ ሞኝ ነው እንጂ ሌባ አይደለም። የጎርፉን ሳምንት በባዶ ዘንቢል ብንመለስ ምን እንሆን ነበር? ለዚህ አይደል የገባነው?»

ሰው ሁሉ ወደ ሐጂ አብዱልፈታህ ዞረ። እሳቸው መቁጠሪያቸውን ሲያንከባልሉ ቆዩ።

«ጎርፉን ያመጣው አላህ ነው» አሉ። «ውሸቱን ግን የኔ ቃል አመጣው። ፈርቶኝ ነው። ነገ ወርደን ደለሉን እናንሳለት።»

ዘሊካ የዚያን ዕለት ደጋግማ ደወለችለት፤ ስልኩ ዝግ ነው። ግድ የለም፣ ነገ በአካል እነግረዋለሁ አለች። ቅዳሜ ጠዋት አካፋና ዶማ የያዘው ከተሜ ተግተልትሎ ጨፋ ደረሰ። የሙህዲን እናት ፋጡሜ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ነበር።

«ኮታ፣ ግቡ» አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ተሰበረ። «እሱ ዴሜ... ሄዷል። ዛሬ ጎህ ሲቀድ ፈጅርን ሰግዶ ወጣ። በባቲ አድርገው ጅቡቲ ከሚሻገሩት ልጆች ጋር ነው። በሬውን ቲማቲም መግዣ ብሎ ከሸጠው ወዲህ እንቅልፍም አልነበረው።»

ዘሊካ የያዘችውን ዶማ አስደግፋ መሬት ላይ ተቀመጠች። ማንም አላጽናናትም፤ ምን ብለው ያጽናኗታል? ሐጂ አብዱልፈታህ ጋቢያቸውን አውልቀው መቆፈር ጀመሩ።

ከማሳው ደለሉ ተነሣ። ፋጡሜና ሴት ልጃቸው አረሱት፤ ከተሜው እያገዘ ድርሻው እንደገና በየሳምንቱ መምጣት ጀመረ። በረዶ የመታው ጊዜ ሁሉም ባዶ ዘንቢሉን ይዞ እየተሳሳቀ ተመለሰ። ዘሊካ ብቻ ያን ቀን መሳቅ አልቻለችም።

ሁለት ዓመት ሙሉ ከሙህዲን ወሬ ጠፋ። ሞቷል ያለም ነበር። የመጡትን ሽማግሌዎች ስትመልስ ቆይታ፣ በመጨረሻ ለጀሚል እሺ አለች። ጀሚል ፋርማሲ ያለው ረጋ ያለ ሰው ነው። ማንም አላስገደዳትም፤ መጠበቁ ነው የደከማት።

ከዕለታት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከአስር ሶላት ቀደም ብሎ፣ ከማታውቀው ቁጥር ስልክ ተደወለላት።

«ዘሊካ፣ ሙህዲን ነኝ።»

እሱ ቀጠለ። «ሳዑዲ፣ ጂዛን ውስጥ ፍየል ስጠብቅ ቆየሁ፤ ከዚያም እስር ቤት። አሁን ሊመልሱን ነው። ምንም የለኝም፣ ዘሊካ። ባዶ እጄን ነው የምመጣው። ይሄን ለማንም ሳልናገር መጀመሪያ ላንቺ ልናገር ብዬ ነው።»

ያኔ ይህችን ቃል ቢሰጣት ኖሮ ሌላ ምንም አልፈልግም ባለች ነበር። እንባዋ አገጯ ላይ ደረሰ።

«ኒካሄ ታስሯል፣ ሙህዲን። ሁለት ጁምዓ ሆነው።»

ስልኩን ይበልጥ ወደ ጆሮዋ አስጠጋች።

«ደግ ሰው ነው?» አለ።

«ደግ ነው።»

«አልሀምዱሊላህ።» ትንፋሹ ይሰማታል። «ያን ጊዜ... ሰዎቹ ረግመውኝ ይሆን?»

«በሄድክበት ቀን ጠዋት ሁላችንም ጨፋ ነበርን። ደለሉን ልናነሣልህ። አባዬም ጭምር።»

እሷ የሰማችው ለቅሶውን ብቻ ነው። ወንድ ልጅ እንደዚያ ሲያለቅስ ሰምታ አታውቅም።

«ና» አለችው። «እናትህ ይጠብቁሃል። መሬቱም አለ።» «እኔም» ልትል የነበረውን ዋጠችውና ስልኩን ዘጋች።

ጀሚል ከመስጊድ ሲመለስ ዓይኗን አየና ደንግጦ ቆመ። «ምን ሆነሻል? ማን ሞተ?»

ራሴን አሞኝ ነው ማለት ቀላል ነበር፤ ቃሉም አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ዘሊካ ግን ትንሽ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችለትና፣ ሲቀመጥ ጠብቃ፣ ሁሉንም ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረችው።