የአባባ ምላስ

ሚጢጢ ጠዋት በቡና ሱቁ የኋላ በር ስትገባ አባቷ ከእጅ መታጠቢያው በላይ በተሰቀለችው ትንሽ መስታወት ፊት ቆሞ ፈገግ ማለት ይለማመድ ነበር። ከንፈሩን ወደ ጎን ይስባል፤ ጥርሱን ያሳያል፤ ይተወዋል። እንደገና ይሞክራል። እሷን ሲያይ ደንገጥ ብሎ ቧንቧውን ከፈተና እጁን መታጠብ ጀመረ።

«ምን እያደረግክ ነው አባባ?»

«ምንም። ጥርሴ ውስጥ የሆነ ነገር ገብቶ ነው።»

ጥርሱ ውስጥ ምንም እንዳልገባ ታውቃለች። ትናንት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከአክስቷ ጋር በስልክ ሲያወራ ሰምታዋለች። «ደንበኛው እየሸሸኝ ነው» ነበር ያላት። «በሽታው ፊቴን አጥንት አድርጎታል። ሰው በጠዋት የታመመ ፊት ማየት አይፈልግም፤ አልፈርድበትም። እስከ ቅዳሜ ካልተሻለ ሱቁን ለባለቤቱ አስረክባለሁ።»

ሚጢጢ ያን ጊዜ በሩ ላይ ደርቃ ቀረች። ምክንያቱም ጥፋቱ የፊቱ እንዳልሆነ ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት።

በክረምቱ አባቷን ትኩሳት ይዞት ሁለት ሳምንት አስተኝቶት ነበር። ሲለቀው ግን ባዶ እጁን አልሄደም፤ ማሽተትና መቅመሱን ይዞበት ሄደ። ሐኪሟ «ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል» ብላ አሰናበተችው። ሱቁን እንደገና በከፈተ ቀን ሚጢጢን ጠራና የመጀመሪያውን ስኒ ቡና አቀበላት። «ከዛሬ ጀምሮ ምላሴ አንቺ ነሽ» አላት።

ቀመሰችው። እንደ መድኃኒት ይመራል። ልትነግረው አፏን ስትከፍት ዓይኗ ዓይኑ ላይ አረፈ። ሽርጡን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ውጤት እንደሚጠብቅ ተማሪ ትንፋሹን ውጦ ቆሟል።

«ቆንጆ ነው» አለችው።

አባቷ ከሆዱ ተነፈሰ፤ ዕለቱን ሙሉ ሲያፏጭ ዋለ። በማግስቱም «ቆንጆ ነው» አለችው። በሣልስቱም። ውሸት መጀመሪያ ቀን ምላስ ላይ ይከብዳል፤ በሳምንቱ ግን እንደ ሰላምታ ይቀላል። እንዲህ ስትለው ሦስት ወር ሞላት።

ሱቋ አራት ጠረጴዛ ብቻ ያላት ጠባብ ክፍል ናት። የሚጮህ ማሽን የላትም። መደርደሪያው ላይ ያለው አንድ ነጭ የሸክላ ማጣሪያ ነው፤ ከላይ ሰፊ፣ ወደ ታች እየጠበበ የሚሄድ፣ ውስጡ ጠመዝማዛ መስመር ያለው፣ ከታቹ አንዲት ቀዳዳ ብቻ። ስኒ ላይ ይቀመጣል፤ ወረቀት ይነጠፍበታል፤ የተፈጨው ቡና ይገባል፤ ከዚያ ሙቅ ውሃ በቀጭኑ ይፈስበታል። አዲስ ደንበኛ «ማሽኑ የታለ?» ብሎ የጠየቀ እንደሆነ አባቷ ከደስታው ብዛት ማንቆርቆሪያውን ያስቀምጣል።

«ከመቶ ዓመት በፊት ነው» ብሎ ይጀምራል። «አንዲት እናት ጠዋት ጠዋት ቡናዋን ስትጠጣ አተላው ጥርሷ ውስጥ እየገባ አስመረራት። ሰዎች በጨርቅ ያጠልሉ ነበር፤ ጨርቁ ግን ይሸታል፣ ማጠቡም ሥራ ነው። አንድ ቀን የብረት ዕቃ አንስታ ቂጡን በሚስማር በሳሳችው። ከዚያ ከልጇ ደብተር ውስጥ የቀለም መምጠጫውን ወረቀት ቀድዳ አነጠፈችበት። የጠራ ቡና ወረደ! ይሄ ማጣሪያ የዚያች ዕቃ የልጅ ልጅ ነው።»

ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ ወሬውን ከመቶ ጊዜ በላይ ሰምታዋለች። ሁልጊዜም የምትለው አንድ ነው። «እኔ የማዝነው ለልጁ ነው። ‹ደብተርህን ማን ቀደደው?› ሲሉት ‹እማዬ ቡና ልታጣራበት› ቢል የትኛው አስተማሪ ያምነዋል?»

አባቷ ቡና ሲያወርድ ሰዓት አይቶ አያውቅም። መጀመሪያ ትንሽ ውሃ ያፈስና ቡናው እንደ ሊጥ ኩፍ ሲል አፍንጫውን ወደ እንፋሎቱ ያስጠጋል። ሽታው ሲለወጥ ይጨምራል፤ ደግሞ ያሸታል፤ ደግሞ ይጨምራል። ሃያ ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው የሠራው። አሁንም አጎንብሶ ያሸታል። የማይመጣ ሽታ ይጠብቃል። እሱ ሲጠብቅ ቡናው ውሃው ውስጥ ተዘፍዝፎ ይመራል።

ባለፈው ሳምንት ሚጢጢ ልብስ ሰፊዋ ጋ ገብታ የስፌት መኪናዋ አጠገብ የቀዘቀዘ ሙሉ ስኒ አየች። ከአባቷ ሱቅ «ሥራዬ ላይ ሆኜ ልጠጣው» ብላ የወሰደችው ነው።

«እትዬ፣ ለምን አይነግሩትም?»

«እኔ? ቀማሿ አንቺ እያለሽ?» ሰፊዋ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። «ስሚኝ የኔ ልጅ። ሰው መልኩን ቢነቅፉበት ይችለዋል። እጁን ሲነቅፉበት ግን ይሰበራል።»

ሚጢጢ ያን ቀን ነገሩን አምናበት ወጣች። ዛሬ ግን አባቷን መስታወት ፊት አይታዋለች።

እጁን አድርቆ መጣ። ለሠርግ ብቻ የሚለብሰውን ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሷል። ወረቀቱን አነጠፈ፣ ቡናውን ጨመረ፣ ውሃውን አፈሰሰ። አጎነበሰ። ጠበቀ፤ በጣም ጠበቀ። ውሃው ጠብ ጠብ እያለ ሲያልቅ ስኒውን አቀበላት።

ቀመሰችው። የዛሬው ከሁሉም የባሰ ነበር።

«ደህና ነው?» አለና፣ መልሷን ሳይጠብቅ በእጁ ጉንጩን ዳሰሰ። «ፊቴስ? እውነቱን ንገሪኝ፤ ሰው ያስፈራል?»

ሚጢጢ ስኒውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ፊትህ ምንም አልሆነም አባባ። ቡናው ነው።»

«ቡናው ምን ሆነ?»

«ይመራል። በጣም ይመራል።»

አባቷ ማጣሪያውን አየ፤ ማንቆርቆሪያውን አየ። «ዛሬ ነው?» አላት። «የዛሬው ብቻ ነው አይደል?»

በሩ ክፍት ነበር። «አዎ፣ የዛሬው ብቻ» ብትለው ያልቃል። ቦርሳዋን ይዛ ትወጣለች፤ እሱም ሌላ ያፈላል።

«የዛሬው ብቻ አይደለም። ከበሽታህ ተነስተህ ሱቁን እንደገና ከከፈትክበት ቀን ጀምሮ ነው።»

«እና አንቺ በየቀኑ...»

«ዋሸሁህ።»

አባቷ አልጮኸባትም። ቢጮህባት ይሻላት ነበር። ደንበኞች በሚቀመጡበት ወንበር ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ከውጭ የሱቆች በር ሲከፈት፣ መጥረጊያ አስፋልት ሲፍቅ ይሰማል።

«ሰፊዋም ታውቃለች?»

«ታውቃለች። አንተን ላለማስቀየም ብላ ነው።»

«ሁላችሁም» አለ። ስኒውን አንስቶ ራሱ ጎነጨ፤ አፉ ውስጥ አንከባሎ ጣዕሙን ፈለገው፤ ፈልጎ አጣው። ሲውጠው ዓይኑ ሞላ። ሚጢጢ አባቷ ሲያለቅስ አይታ አታውቅም፤ የት እንደምታይ ጠፋት፤ የገዛ ጫማዋን አየች።

«ሂጂ» አላት በመጨረሻ፣ በእጅጌው ዓይኑን እየጠረገ። «ደወል ያመልጥሻል።»

ቦርሳዋን አነገተች። ሁለት እርምጃ ሄደች።

«ሚጢጢ» አላት ከኋላዋ። ድምፁ ቀጭን ነበር። «እንዴት ነው የሚመረው? ምላስ ላይ ነው ጉሮሮ ላይ? ከመጀመሪያው ነው ወይስ ከዋጥሽው በኋላ?»

ዞር አለች። አባቷ ስኒውን ወደ እሷ ገፋ አድርጎት ነበር። አይፈግግም፤ ለመፈገግም አልሞከረም።

«ሁሉንም ንገሪኝ» አላት። «እንዳታዝኚልኝ።»

ሚጢጢ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አውርዳ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ቡናው ቀዝቅዟል። አንድ ጊዜ ጎነጨች፤ ፊቷ ሲጨማደድ አልደበቀችውም።