ያልታየው ሁለተኛ ታሪክ

ልጆቼ፣ ወንበር ሳቡና አጠገቤ ተቀመጡ። በእንግሊዟ ሞርካም፣ ገዳይ በሚሰቀልበት ዘመን የሆነውን ላጫውታችሁ።

ዊልፍሬድ አስኪው የሞተው ቅዳሜ ከሰዓት፣ ለፊልም ወዳጆች ማኅበር ፊልም በሚያሳይበት፣ ከአዳራሹ በላይ ባለ ጠባብ ክፍል፣ አናቱን በብረት ተመትቶ ነው። አምስት አስፈሪ ታሪኮች የያዘው፣ ማኅበርተኞቹ በየዓመቱ የሚያዩት አሮጌ ፊልም እየታየ ነበር፤ እያንዳንዱ ታሪክ በአንድ የፊልም ጥቅል። ሁለት ጥቅል አልቆ ሸራው ነጭ ሲሆን የሚቀይር ሰው ጠፋ።

ኢንስፔክተር ሄስኬት ሲደርስ ፖሊሶቹ ሻይ አፍሊዋን ኖራን ሊወስዱ ተነስተዋል። ጠዋት ከሟቹ ጋር ስትጨቃጨቅ ተሰምታለች፤ ፊልሙ ከተጀመረ በኋላም ሻይ ይዛለት ወደ ክፍሉ ወጥታለች። ኖራ አንገቷን እየዳበሰች፣ ጭቅጭቁ ዝም በል ብላ ስትለምነው እንደነበር ነገረችው። ዊልፍሬድ ከፊልሙ በኋላ ሰው ፊት አንድ ነገር ሊናገር ቆርጦ ነበር፤ ምን እንደሆነ ግን አልነገራትም።

ሄስኬት ክፍሉን አየ። ጠረጴዛው ላይ የተበጠሰ ጥቅል ግማሹ ተጠግኗል፤ የሚቀመጥበት ቆርቆሮ «2» ይላል። ማሽኑ ላይ ያለቀው ሦስተኛው ነው። ከሟቹ ካፖርት ኪስም አንድ አሮጌ ደብተር አወጣ።

ከዚያ ለየብቻ ጠየቃቸው።

«የሰሟ ሙሽራ ታሪክ ዘንድሮ ከተራው ቀድሞ መጣ» አለ ሥጋ ሻጩ ሲሪል። «ዊልፍሬድ ምሳ ላይ ቢራ አብዝቷል ብዬ ሳቅሁ። ነፍሱን ይማረውና።»

ስለዚያ ፊልም በጻፈው መጽሐፍ የተከበረው የማኅበሩ ሊቀመንበር ቶርንሊ ከኋላ ወንበሩ ፈጽሞ እንዳልተነሣ ተናገረ።

«ሸራው ነጭ ከመሆኑ በፊት የትኛውን ታሪክ እያዩ ነበር?»

«የደወል ደዋዩን ነዋ፣ ሁለተኛው እሱ አይደል? መጽሐፌን ቢያነቡ ኖሮ ይህን ባልጠየቁኝ።»

ሄስኬት ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበ። ሁለተኛው ጥቅል በመበጠሱ ሟቹ ሦስተኛውን አስቀድሞ እንዳሳየ፣ ታሪኮቹም ለየራሳቸው የቆሙ ስለሆኑ ፊልሙ እንዳልተቋረጠ አስረዳ።

«ሚስተር ቶርንሊ፣ እዚህ የተቀመጠ ሁሉ ሙሽራዋን አይቷል። ደወል ደዋዩን ያዩት እርስዎ ብቻ ነዎት። ፊልሙን በቃልዎ ስለሚያውቁት፣ እላይ ሳሉ ሸራውን ማየት አላስፈለገዎትም።»

ደብተሩን ገለጠ። የመጽሐፉ ሐሳብ በሙሉ፣ በላዩ እንደሰፈረው ቀን መጽሐፉ ከመታተሙ ከአራት ዓመት በፊት፣ በዊልፍሬድ እጅ ተጽፏል።

«ሊናገር የነበረው ይህንን ነው» አለ ሄስኬት። ፖሊሱ የኖራን እጅ ለቀቀ።

«ፊልም እንዴት እንደሚታይ ያስተማረኝ እሱ ነበር» አለ ቶርንሊ፤ ቆይቶም ተሰቀለ።

መጽሐፉ እስከ ዛሬ በገዳዩ ስም ይሸጣል። ስለዚህ ልጆቼ፣ ዊልፍሬድ አስኪው የሚለውን ስም እናንተ አስታውሱልኝ፣ አደራ።