ግልጽ የተናገረው ውቃቢ

የኦቦ ኢተፋ ሬሳ የተገኘው ቅዳሜ ቀትር ላይ፣ ገፈርሳ ግድብ አጠገብ ካለው ባሕር ዛፍ ውስጥ ነው። የራስ ቅሉ እንደ ግንድ ተፈልጦ አንድ ዓይኑ ጉንጩ ላይ ወርዷል።

ሃምሳ አለቃ ብዙነህ ከቡራዩ ፖሊስ ጣቢያ ሲደርስ ሕዝቡ ፍርዱን ጨርሶ ነበር። የሟች ጎረቤት ደገፋ ዛፍ ላይ በጠፍር ታስሯል። የፊት ጥርሶቹ ረግፈዋል፤ ቤቱ ይነዳል።

«እሱ ነው ያለው ማነው?»

«ውቃቢው! መጥረቢያውም ጭዱ ውስጥ ተገኘ።»

የጣቢያው አዛዥ ሻለቃ አስቀድሞ በስልክ «ገዳዩ ተይዟል፤ ፈርመህ ስደደው» ብሎታል። ብዙነህ አሥራ ሁለት ዓመት ለእንዲህ ያሉ ጌቶች ፈረመ፤ እነሱ በሱ ፊርማ ተሾሙ፣ እሱ እዚያው ሃምሳ አለቃ ቀረ። ዛሬ ግን እንቢ አለ።

የሟችን ሚስት ገለቴን ለብቻዋ ጠየቃት።

«ባልሽ ሳይገባ ሲያድር ጠዋት ቃልቻው ዘንድ ሄድሽ። ምን አልሽ?»

«ባሌ ወዴት ነው? አልኩ።»

«መልሱስ?»

«‹ደም የጠጣ መጥረቢያ ደገፋ ጭድ ውስጥ አለ፤ እጀታው በሽቦ ታስሯል› አለ።»

«ድሮስ እንዲህ ነበር የሚነግርሽ?»

«ኧረ የለም! ልጄ የታመመች ጊዜ ‹የተኛ ይነሳል፤ ደጁ ይዘጋ› ነው ያለው። የቃልቻው አጋፋሪ ቀጄላ ‹ሐኪም ቤት አትውሰዷት ማለት ነው› ብሎ ፈታልን። ሞተችብኝ። ኢተፋም ‹ሁለቱንም ገበያ መሀል አዋርዳቸዋለሁ› ብሎ ዝቶ ነበር።»

ቃልቻው ኦቦ ባይሳ ጠላቸውን በሁለት መዳፋቸው አቅፈው ይጠጣሉ፤ ጣቶቻቸውን ቁርጥማት ቆልፏቸዋል።

«መጥረቢያውን አንቱ አይተውታል?»

«ውቃቢው ሲሰፍርብኝ ራሴን አላውቅም፣ ልጄ።»

ብዙነህ የታሰረውን ደገፋንና አጋፋሪውን ጨምሮ ሁሉንም ቃልቻው ግቢ ሰበሰበ።

«ውቃቢው ከዛሬ በፊት ስም ጠርቶ የነገረው አለ?»

አንዲት ሴት «ለኔ ‹ቀይ ነገር አያለሁ› አለኝ፤ ላሜ ቀይ ናት» አለች።

«ለኔም ‹ቀይ› ብሎኛል!» አለ አንዱ። «እኔማ አማቴን ማለቱ መስሎኝ ሦስት ወር አኮረፍኳት!»

ሰው ሳቀ። ብዙነህ አልሳቀም።

«አያችሁ? ላም ያለው ቃሉን ላም፣ አማት ያለው አማት ያደርገዋል። የማያውቅ ሰው እንዲህ አድበስብሶ ነው የሚናገር፤ ቢስት አይያዝማ። ሃያ ዓመት ሲያድበሰብስ የኖረ ውቃቢ ዛሬ ስም ጠራ፣ ቦታ ጠራ፣ ሽቦው እንኳ አልቀረውም። ያውም ሬሳው ሳይገኝ! እሷ የጠየቀችው ወዴት ነው ብላ እንጂ ማን ገደለው ብላ አይደለም። እንዲህ የሚናገር ያየ ነው፣ ወይም የገደለ። ደገፋ በራሱ ላይ አይጠቁምም። ኦቦ ባይሳ በዚህ እጃቸው መጥረቢያ አያነሱም። ኦቦ ባይሳ፣ ሲያጓሩ ጆሮዎ ሥር የሚቆመው ማነው?»

ሽማግሌው ደገፋን አዩት። ከአፉ ደም ይንጠባጠባል። ቢናገሩ ነገ ደጃቸውን የሚረግጥ የለም፤ ዝም ቢሉ ይህ ሰው ይሰቀላል።

«ራሴን አውቃለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ቀጄላ ደጅ ላይ ከሰው የለቀመውን ያንሾካሹክልኛል። መጥረቢያውንም ዛሬ ጠዋት እሱ ነው ሹክ ያለኝ።»

ቀጄላ ጩቤውን መዝዞ ሽማግሌው ትከሻ ላይ ሰካው። «ያበላሁዎት እኔ! ኢተፋ ሊያስርበን ነበር እኮ!» ብዙነህ በቆመጥ ክንዱን ሰበረው፤ አጥንቱ ሲንቋቋ ተሰማ። ገለቴ ተወርውራ ፊቱን በጥፍሯ ተለተለችው። «ልጄንም አንተ!»

ደገፋ ተፈታ። ቆሞ ሰዉን አንድ ባንድ አየ።

«ቤቴን ማነው ያቃጠለው?»

«ክፉ ቀን ነው፣ ኦቦ ደገፋ» አለ አንዱ።

«እሳት… ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም።»

«የሆነ እጅ ነው እንግዲህ» ብላ አንዷ አድበሰበሰች፣ ነጠላዋን አፏ ላይ እየጎተተች።