የሰፌዱ ጀርባ

«ጨረስኩ!» አለች ነሲማ።

ቃሉ ካፏ ከወጣ በኋላ ዓይኗ በልማድ በሩ አጠገብ ወዳለው ዝቅተኛ መደብ ሄደ። እዚያ ማንም የለም። የስፌቱ ሣር፣ አክርማው፣ የሚነከርበት ገበቴ ብቻ ተቀምጧል፤ ውሃው ላይ የበሩ ብርሃን ይንቀጠቀጣል። ሌሎቹ ልጃገረዶች ቀና ብለው አዩዋትና መልሰው አቀረቀሩ። ድሮ ቢሆን ከዚያ ከታች «ወይኔ፣ ወስፌው በእሳት ተያያዘ!» የሚል የጓደኛዋ ሳቅ ይመጣ ነበር።

ድሮ ማለት ከሁለት ወር በፊት ነው፤ የ1911 ዓመተ ምሕረት የኅዳር በሽታ ሐረር ሳይገባ።

የአይ ሙሚና ቤት ጀጎል ውስጥ፣ ወደ ቡዳ በር በሚወስደው ጠባብ መንገድ ዳር ነው። ሠፈሩ ሁሉ «አይ»፣ እናት፣ እያለ ይጠራቸዋል። ልጃገረዶች ከቀትር በኋላ እዚያ እየተሰበሰቡ ስፌት ይማራሉ። የክፍሉ መደቦች ደረጃ በደረጃ ናቸው። ጀማሪ ከበሩ አጠገብ ትጀምራለች፤ የመጀመሪያ ጥንድ የግድግዳ ሰፌዷን የጨረሰች ልጅ ግን ከአይ ሙሚና ጎን ወደ ላይኛው መደብ ትወጣለች። አሥራ አራት ዓመት ሳይሞላኝ እወጣለሁ ብላ ነሲማ ለራሷ ምላ ነበር። ከጓደኛዋ ከሰዐዲያ ጋር ደግሞ «አብረን እንወጣለን» ተባብለዋል።

ነሲማ ስትሰፋ ዙር ትቆጥራለች። «ሃያ ቀረኝ፣ አሥራ ዘጠኝ ቀረኝ» ትላለች። ሰዐዲያ ግን አንዱን ዙር ከጨረሰች በኋላ እጇ ላይ አዙራ ታየዋለች፤ ከዚያ ትገለብጠዋለች፤ ከዚያ በጀርባው የወጣውን የአክርማ ጫፍ ሁሉ እየለቀመች ወደ ውስጥ ትመልሰዋለች።

«አንቺ ልጅ፣ ጀርባውን ማን ያየዋል?» አለቻት አንድ ቀን ነሲማ።

«ግድግዳው።»

«ግድግዳው!»

«ምን ይሳቃል? ቀኑን ሙሉ ሌላ ሥራ የለው፤ እሱን ሲያይ ነው የሚውል።»

ልጃገረዶቹ ሁሉ ሳቁ። ነሲማም ሳቀች፤ እጇን ግን አላቆመችም። ጥንዷን በመስከረም ጨርሳ ብቻዋን ወደ ላይኛው መደብ ወጣች። ሰዐዲያ ከታች ሆና እጅ ነሣቻት፣ «እመቤቴ፣ ከላይ ሆነው እኛን ድሆችን አይርሱን» እያለች። ያን ቀን ነሲማ ከቃሏ መውጣቷ ትዝ አላላትም። ትዝ ያላት በኋላ ነው።

በሽታው ሲገባ፣ ሐሙስ አክርማ ስታማርጥ የዋለችው ሰዐዲያ ሰኞ ከቡዳ በር ውጭ ተቀበረች። ሴት ቀብር አትሄድምና ነሲማ ቃሬዛው በጠባቡ መንገድ ሲያልፍ በበሩ ስንጥቅ አየችው። ከዚያ በኋላ ሌሎች ብዙ ቃሬዛዎች አለፉ፤ እሷ ግን ያንን አንዱን ብቻ ታስታውሳለች።

በሽታው ጋብ ሲል የሰዐዲያ እናት አይ ዘሀራ በነጠላቸው የተጠቀለለ ነገር ይዘው መጡ። ለነሲማ ጉልበቷ ላይ አስቀመጡላት። የሰዐዲያ ሁለተኛው ሰፌድ ነበር። ጠርዙ ገና አልተዘጋም፤ የስንደዶው ጫፍ ተንጨባርሮ ወጥቷል።

«አንዱን ሰቅዬዋለሁ» አሉ። «ለአርባ ቀኗ ዱዓ ሴቶቹ ቤት ሲመጡ ሁለቱን ጎን ለጎን ባያቸው ደስ ይለኛል። ካንቺ ሌላ ለማን ልስጠው ልጄ?»

የቀረው አሥራ ሁለት ዙር ነበር። ነሲማ በስድስት ቀን ጨረሰችው፤ አሁን «ጨረስኩ!» ያለችው ይህን ነው። ነገ አርብ ነው፤ ዱዓው ነው። ዛሬ አይ ዘሀራ መጥተው ይወስዱታል።

አይ ሙሚና እጃቸውን ዘረጉ። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ ስፌት የሚያዩት በአውራ ጣታቸው ነው። ከመሐል ጀምረው በቀስታ ወደ ዳር ሄዱ። ጥቁሩን አለፉ፣ ቀዩን አለፉ።

«ሰዐዲያ ናት» አሉ። ጣታቸው ሄደ። «አሁንም ሰዐዲያ ናት። እዚህም አለች።» ከዚያ ጣታቸው ቆመ። «እዚህ ጋ ሄደች።»

ነሲማ ወደ እጃቸው ጠጋ አለች።

«አይ፣ አላማረም?»

«ያምራል። የዘሀራ ዓይንም ቢሆን በዕንባ ደክሟል። ከተሰቀለ በኋላ ማንም አያውቀውም።» ሰፌዱን መለሱላትና የራሳቸውን ስፌት አነሡ።

ነሲማ ገለበጠችው። የሰዐዲያ ጀርባ እንደ ፊቱ ነበር፤ አንድም የወጣ ጫፍ የለው። ከዚያ የእሷ አሥራ ሁለት ዙር ይጀምራል፤ ጀርባው እንዳልተላጨ አገጭ ተንጨፍርሯል። ጣቷን ስትሰድበት ወጋት። ሰዐዲያ ይህን ሁሉ ጫፍ ስትለቅም እሷ አጠገቧ ተቀምጣ ዙር ትቆጥር ነበር። አንድ ቀን እንኳ «እስቲ ልየው» ብላት አታውቅም።

በሩ ላይ ጥላ አረፈ። አይ ዘሀራ ናቸው። ከስተዋል፤ የለበሱት ልብስ ከሳቸው የሰፋ መሰለ።

«አሰላሙ ዐለይኩም። ደረሰ ልጄ?»

ሰፌዱ ነሲማ ጉልበት ላይ ነው፤ ፊቱን ወደ ላይ ብታዞረው አበቃ። እኚህ ሴት ነገ እሱን ሰቅለው ትንሽ ያርፋሉ። የሚከለክላቸው ማን ነው?

«አልደረሰም፣ አይ ዘሀራ።»

«ጠርዙ ተዘግቶ አያለሁኮ።»

«ተዘግቷል። ግን... የኔ እጅ ነው። ቸኩዬ ነው የሰፋሁት። ልተርትረው ነው።»

አይ ዘሀራ ተጎንብሰው ሰፌዱን ወሰዱ። የጀርባውን መሐል ለረጅም ጊዜ በመዳፋቸው ዳበሱት። ከዚያ መዳፋቸው ወደ ዳር ሲደርስ እጃቸውን እንደ ተቃጠለ ሰው ሰበሰቡ።

«ነገ ሴቶቹ ሲመጡ ግድግዳው ባዶ ይሆናል» አሉ።

«አውቃለሁ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ለመቼ ይደርሳል?»

ነሲማ እንደ ድሮዋ ቀን ልትቆጥር አፏን ከፈተች፤ ቁጥሩ አልመጣላትም። «አላውቅም» አለች።

ሴትዮዋ ሰፌዱን መለሱላት፤ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ስበው ወጡ። «እሺ» ይበሉ «ወየው» ማንም አልሰማም። ነሲማ እርምጃቸው ከድንጋዩ መንገድ ላይ እስኪጠፋ አዳመጠች፤ ልሩጥና ልስጣቸው ይሆን እያለች።

አልሮጠችም። ወስፌዋን ይዛ ከላይኛው መደብ ወረደችና በሩ አጠገብ፣ ገበቴው ጋ ተቀመጠች። አንዷ ልጅ «ምን ነካት?» ብላ ስታንሾካሹክ ሌላዋ በክርኗ ነካቻት።

ብርሃኑ እዚህ መሆኑን ነሲማ ያኔ አየች። ከላይ ሲሰፋ ዓይን ይደክማል፤ እዚህ ግን እያንዳንዱ የአክርማ ዘለላ ለብቻው ይታያል። ሰዐዲያ ይህን ታውቅ ነበር። ወደ ላይ ለመውጣት ያልቸኮለችው ለዚህም ይሆናል፤ አሁን ማን ይጠየቃል?

የመጨረሻውን ዙር ተረተረች። ከዚያ ቀጣዩን። አሥራ ሁለቱ ሲያልቁ የሰዐዲያ የመጨረሻ ስፌት ታየ። ከእሱ ቀጥላ ወስፌዋን ሰካች። እርጥቡ አክርማ በቀዳዳው ሲያልፍ እንደ ጫጩት ሲጥ አለ። ይህን ድምፅ ስፌት በተማረችባቸው ሁለት ዓመታት ሰምታው አታውቅም። አጠበቀችው፤ ገለበጠችው፤ ጫፉን ወደ ውስጥ መለሰችው። እንደገና ሲጥ አለ። ቀዩ ከጥቁሩ ጎን ገብቶ ሲተኛ አየችው። ከብዙ ጊዜ በኋላ ቀና ስትል ስንት እንደ ሰፋች አታውቅም፤ ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር ለስልሷል። ወዲያው ፊቷ ጋለ።

«አይ» አለች በዝግታ። «ደስ አለኝ። እሷ ሞታ እኔን ደስ አለኝ። ኃጢአት ነው?»

አይ ሙሚና ከላይ ሆነው ወስፌያቸውን አስቀመጡ።

«ሰዐዲያም እዚያው ተቀምጣ ደስ ይላት ነበር» አሉ። «በይ፣ አክርማሽ ሳይደርቅ ንከሪው።»

ነሲማ አክርማውን ገበቴው ውስጥ አጠለቀችው። ዕንባዋ ውሃው ላይ ሲወርድ አልጠረገችውም፤ እጆቿ ሥራ ይዘዋል። አንድ ስፌት ሰፋች፤ ሰፌዱንም ገልብጣ ጀርባውን አየችው።