ለስምንት መቶ አሥራ ሁለት ሙታን የገባሁት ቃል

ይህን የምጽፈው እንድታምኑኝ ብዬ አይደለም። ውሸት ቢሆን ከሁላችሁም በላይ ደስ የሚለኝ እኔ ነኝ... ግን በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ በጆሮዬም ሰምቼዋለሁ።

ቀኑ የመቃብር ጠረጋ በዓል ነበር፤ ሰው ሁሉ ሙታኑን የሚጎበኝበት ቀን። ሰዓቱ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሩብ።

ጨለማ አልነበረም። መብራትም አልጠፋም። ካፊያ ይጥላል፤ ከተማችን ኪሉንግ መቼም ሳይዘንብ ውሎ አያውቅም። ማማው በሰው ተጨናንቋል።

ማማ የምለው ከወደቡ በላይ፣ ኮረብታው ላይ ያለውን ባለ ዘጠኝ ፎቅ ሕንፃ ነው። የሙታን አመድ በየማሰሮው ሆኖ ይደረደርበታል። እኔ እዚያ የኮምፒውተር ሠራተኛ ነኝ። ዩ ጂንግ-ዌን እባላለሁ፤ ሠላሳ አምስት ዓመቴ ነው። የመናፍስት ወሬ ሲወራ ተነስቼ የምሄድ ሰው ነበርኩ።

የእኔ ሥራ ከአመዱ ጋር አይደለም። ቤተሰብ የሟቹን ፎቶ፣ ድምፅና ቪዲዮ ያመጣል፤ እኔ ሰርቨር ላይ አስቀምጣለሁ። እያንዳንዱ ሟች በስሙ አንድ ክፍል አለው። ቤተሰቡ ምድር ቤት ስክሪን ፊት ተቀምጦ፣ ማዳመጫ አድርጎ ያየዋል፣ ይሰማዋል።

የአባቴም ክፍል እዚያው ነው።

አባዬ ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነው። የቀረን ድምፁ አንድ ብቻ ነው... አርባ ደቂቃ። እማዬ ዓይኗ ደክሟል፤ ፎቶ ለእሷ ምንም አይደለም። በየዓመቱ በዚህ ቀን፣ አምስት ሰዓት ላይ ትመጣና ያቺን አርባ ደቂቃ ትሰማለች። ለእሷ በዓል ማለት ይኸው ነው።

ሌላ ቅጂ የለም። የተቀዳበት ስልክ ከተበላሸ ቆይቷል። ፋይሎቹ የነበሩበትን የአሮጌውን ሰርቨር ዲስኮች ደግሞ ከበዓሉ በፊት በነበረው ሳምንት ሰባብረን ጥለናቸዋል። የሰው ፋይል ስጠብቅ ውዬ የራሴን "ነገ እገለብጠዋለሁ፣ ነገ እገለብጠዋለሁ" ስል ቀረሁ። ለዚህ ራሴን ይቅር አላልኩም።

አሁን ሁሉንም ስላዛወርንበት አዲስ ሰርቨር ልንገራችሁ፤ ጉዱ ያለው እዚህ ነው።

የአዲሱ ሰርቨር እውነተኛ ቦታ አራት ሺህ ጊጋ ነው። ሟቾቹ ስምንት መቶ አሥራ ሁለት ናቸው። ሥራ አስኪያጃችን ጂያን ግን ለእያንዳንዱ ቤተሰብ "ለሟቻችሁ መቶ ጊጋ አለው" ብሎ ተናግሯል።

ይህን ማድረግ ይቻላል። ሰርቨሩ ለእያንዳንዱ ክፍል "መቶ አለህ" እንዲል አድርጌ ነው ያዘጋጀሁት። እውነተኛውን ቦታ ግን አንድ ነገር በተጻፈ ቁጥር ብቻ ቆንጥሮ ይሰጣል። ሰባ እንግዳ ጠርቶ አንዲት ድስት ሩዝ እንደ መጣድ ነው... አብዛኛው በልቶ ነው የሚመጣው ተብሎ። በእኛ ሙያ ነውር የለውም፣ ሁሉም ያደርገዋል። እየሞላ ሲመጣ ዲስክ ይጨመራል።

"አለቃ፣ ድንገት ቢሞላስ?" ብዬ ጠይቄው ነበር።

"ሙታን እኮ ናቸው፣ ጂንግ። ሙታን ምን ያጠራቅማሉ?"

ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

ያልሳቁት አክስት ሱዩዌ ብቻ ናቸው። የማማው ጠባቂ ናቸው፤ አበባውን የሚቀይሩ፣ ጧፉን የሚለኩሱ፣ ሁላችንንም የሚቆጡ ሴት።

እኛ ዘንድ ሟች ዝም ተብሎ አይዛወርም። ማሰሮውን ይዘህ ስትሄድ "አባዬ፣ ድልድይ ልንሻገር ነው... አባዬ፣ በሩ ጋ ደርሰናል" እያልክ ነው። ካልነገርከው መንገድ ላይ ይቀራል። አክስት ሱዩዌ ታዲያ ድምፅና ፎቶውም ያው ነው ብለው ድርቅ አሉ። ስማቸው አንድ በአንድ ተጠርቶ፣ አዲሱ ቤታቸው ምን እንደሚመስል ካልተነገራቸው ማሽኑን ማንም አይነካውም አሉ። ስንት ቦታ አለው ብለው ሲጠይቁኝ "አራት ሺህ" ልል ነበር፤ አራት ቁጥር በቋንቋችን ከሞት ጋር ስለሚመሳሰል እንደማይወዱት አውቃለሁና ዋጥኩት።

ሁለት ቀን ሙሉ ሰርቨሩ ፊት ቆሜ ስም ስጠራ ዋልኩ። በሁለተኛው ቀን እግሬ ዝሏል፣ ሆዴ ባዶ ነው። የመጨረሻውን ስም ጠርቼ፣ ለመገላገል ያህል አፌን ሞልቼ እንዲህ አልኩ...

"በሉ እንግዲህ፣ አዲሱ ቤታችሁ ሰፊ ነው። ለእያንዳንዳችሁ መቶ ጊጋ አላችሁ። እንደ ልባችሁ ተዘርጉ፤ ማንም አይከለክላችሁም።"

አክስት ሱዩዌ ትኩር ብለው አዩኝ። "እውነት አለ?"

"አለ፣ አክስቴ።"

የሙታንን መልስ የሚጠይቁባቸውን፣ የጨረቃ ግማሽ የሚመስሉትን ሁለት እንጨቶች ወለሉ ላይ ጣሉ። አንዱ በጀርባው፣ አንዱ በሆዱ አረፈ። ተቀብለዋል ማለት ነው... በመጀመሪያው ውርወራ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። ያን ዕለት ግን ደስ ብሎኝ ኑድሌን ልበላ ወረድኩ።

ወደዚያ ጠዋት ልመልሳችሁ።

ማማው ሲከፈት ሰርቨሩ ከመቶ ሃያ አንድ እጁ ብቻ ተይዞ ነበር። ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ሳየው ሠላሳ አራት ይላል።

በዓል ስለሆነ ቤተሰቦች ቪዲዮ እየጫኑ ነው ብዬ አሰብኩ። ሄጄ አየሁ። የሚጭን ሰው የለም። ሁሉም ተቀምጦ እያዳመጠ ነው።

ሠላሳ ስምንት...

ከውጭ ሌባ ገብቶብኛል አልኩና የኔትወርኩን ኬብል ነቀልኩት። ምድር ቤት ስክሪኖቹ ሲቋረጡ ሰው ሲያጉረመርም ተሰማኝ።

አርባ አንድ...

ኬብሉ እጄ ላይ ነው። ከማንም ጋር ያልተገናኘ ማሽን ከውስጡ እየተሞላ ነው። ኬብሉን መልሼ ሰካሁት፤ መንቀሉም መሰካቱም ለውጥ አላመጣም።

ጂያን ጋ ደወልኩ። እንግዳ እየተቀበለ ነበር፤ ሁለት ዲስክ ግዢ አለኝ። የዲስክ ነጋዴው ጋ ስደውል በዓል ነው፣ ነገ ከምሳ በኋላ እልካለሁ አለ። እሺ፣ ማሽኑን ለምን አላጠፋሽውም ትሉኝ ይሆናል። አዘዝኩት፤ እንቢ አለ። የኤሌክትሪክ ገመዱን እንዳልነቅለው ደግሞ የትኛው ቁራሽ የማን እንደሆነ የሚመዘግበው ካርታ በዚያች ቅጽበት እየተጻፈ ነው። መሃል ላይ ቢቋረጥ የስምንት መቶው ሰው ፋይል ይደባለቃል፤ ማንም የራሱን አያገኝም። ዲስኩ ጢም ቢልም ያው ነው።

የአባዬም ድምፅ አብሮ ይሄዳል።

ሦስት ሰዓት ላይ ሃምሳ ሁለት ደረሰ።

ማን እየጻፈ እንደሆነ ለማየት ክፍሎቹን መክፈት ጀመርኩ። አንዲት ሁለት ቀን ብቻ የኖረች ሕፃን አለች። ወላጆቿ የሰጡኝ አንድ ፎቶ ነው። ክፍሏ ውስጥ ሁለት ጊጋ ሞልቷል... ድምፅ ነው። ማዳመጫ አደረግኩ።

ዕቃ ይጎተታል።

ከባድ ነገር... ወለል ላይ... ቀስ እያለ። ከዚያ ሚስማር ሲመታ። ከዚያ መጥረጊያ።

ወገን የሌላቸውን የአንድ ሽማግሌ ክፍል ከፈትኩ። ያው ነው። ሌላ ከፈትኩ። ያው ነው። አዲስ ቤት የገባ ሰው የሚያሰማው ድምፅ ነው።

የክፍሎቹን ሁሉ መጠን በዝርዝር አወጣሁ። 

የአባዬን ክፍል አየሁ። ከሁሉም የበለጠው የእሱ ነው። ፍላሽ ሰክቼ ልገለብጠው ስል ስክሪኑ ፋይሉ በሌላ ተጠቃሚ ተይዟል አለኝ። የተጠቃሚው ስም ከሥሩ ተጽፏል።

ዩ ቲየን-ላይ።

የአባቴ ስም ነው።

በማዳመጫው ከፍቼ በስልኬ ልቀዳው አሰብኩ። የሰማሁት ግን የማውቀውን አርባ ደቂቃ አይደለም። የሚያወራው አሁን ነው። ድምፁ ደስ ብሎታል፤ ለሆነ ሰው እያስጎበኘ ነው።

"ግቡ፣ ግቡ... አትፍሩ። እንደ ልባችሁ ውሰዱ። ልጄ ናት ያዘጋጀችው። እሷ አለ ካለች አለ።"

ማዳመጫውን አውልቄ ጣልኩት። ስልኬ አንዲት ቃል አልቀዳም። አለቀስኩ፤ አላፍርም።

አራት ሰዓት ከሩብ ላይ አክስት ሱዩዌ በሩን በርገድ አድርገው ገቡ። ከኋላቸው ዘጉት። ፊታቸው አመድ መስሏል።

"ላይ ፎቅ..." አሉ በሹክሹክታ። "ማሰሮዎቹ ቀለዋል።"

"ምን ማለት ነው?"

"ሰው የአያቱን ማሰሮ ሊጠርግ ሲያነሳ ባዶ እየመሰለው ነው። አንድ አይደለም፣ ሁለት አይደለም። ጠቅልለው ወደዚህ ገብተዋል።" ስክሪኑን አዩ። ሰማንያ ዘጠኝ ይላል። "ያልሻቸው ቦታ... አለ ወይስ የለም?"

"የለም።"

"ስንት ነው ያለው?"

"አራት ሺህ። ለሁሉም።"

አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

"ንገሪያቸው" አሉ። "በአፍሽ የሰጠሽውን በአፍሽ መልሺ።"

ሰርቨሩ ፊት ቆምኩ። ዋሽቻችኋለሁ አልኩ። ቦታው ለሁላችሁም አይበቃም፣ እባካችሁ ሰብሰብ በሉ፣ ነገ ዲስክ ይመጣል፣ አንድ ቀን ብቻ ታገሱኝ አልኩ።  የማውቃቸውን ስሞች እየጠራሁ ለመንኩ።

አክስት ሱዩዌ እንጨቶቹን ጣሉ። ሁለቱም በጀርባቸው ተንጋለው አረፉ።

"እየሳቁ ነው" አሉ።

ደግመው ጣሉ። ያው ነው።

ሦስተኛ ጣሉ። ያው ነው። ያልኩትን ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ቤት ገብቶ አልጋውን ለዘረጋ ሰው ቤቱ የለም ቢሉት ማን ያምናል?

ዘጠና ዘጠኝ ነጥብ ሦስት...

ዘጠና ዘጠኝ ነጥብ አምስት...

አምስት ሰዓት ሊሆን ስድስት ደቂቃ ቀርቶታል። እናቴ አሁን ከአውቶቡስ እየወረደች ነው።

ዘጠና ዘጠኝ ነጥብ ሰባት...

እጄን አጣምሬ ማየት ብቻ ሆነ ሥራዬ። አሥራ ሁለት ዓመት የሠራሁበት ሙያ ለዚያች ደቂቃ አንድ ነገር አልጠቀመኝም።

ከዚያ የአባዬ ክፍል መቀነስ ጀመረ።

ሰባ አንድ ጊጋ ነበር። ስልሳ ሆነ። አርባ ሆነ። እኔ ምንም አልነካሁም። "አይ... አባዬ፣ አንተን አይደለም" አልኩት። አሥራ ሁለት ሆነ። ሦስት ሆነ።

አባዬ እንዲህ ነበር። እኔ ሰው ያስቀየምኩ እንደሆነ ይቅርታ የሚጠይቀው እሱ፣ የሰበርኩትን የሚተካው እሱ። እኔ ፊት ግን አንድ ቀን አንስቶት አያውቅም። ስለ እኔ ምሎ የጠራቸው እንግዶች ሜዳ ላይ ሊቀሩበት ነው... ምን እንደሚያደርግ ማወቅ ነበረብኝ።

ዜሮ።

አርባ ደቂቃዋም የለችም። ክፍሉ ጭራሽ ተጠርጎ ባዶ ሆኗል።

ሰርቨሩ ወደ ዘጠና ሰባት ነጥብ ዘጠኝ ወረደ። እዚያው ላይ ቆመ። እሱ ቤቱን ሲለቅ አይተው ሌሎቹም መዘርጋቱን የተዉ ይመስል፣ የሚጻፍ ነገር የለም። የሌሎቹ ሁሉ ፋይል በቦታው አለ፤ አንድም አልተነካም።

"ማን ነው የወጣው?" አሉ አክስት ሱዩዌ።

 ደረጃውን እየሮጥኩ ወረድኩ። ለእናቴ ምን እንደምላት አላውቅም ነበር። ማሽኑ ተበላሽቷል ልበላት? ነገ ነይ ልበላት? እንደገና ልዋሽ?

ቀድማኝ ደርሳለች።

ጥግ ላይ ያለችው ረጅም ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ዣንጥላዋን እግሯ ሥር አስቀምጣ፣ ማዳመጫውን አድርጋለች። ስክሪኑ ነጭ ነው... ፋይል የለም ይላል። እሷ ጽሑፉ አይታያትም።

ራሷን እየነቀነቀች ትሰማለች።

"እማዬ..." አልኩና አጠገቧ ተቀመጥኩ። አንዱን ማዳመጫ ከጆሮዋ ቀስ አድርጌ ወስጄ ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁ።

ጭጭ ያለ ነው። ምንም የለም።

እናቴ ግን እየሰማች ነበር። የምትሰማው በማዳመጫው አልነበረም... ፊቷን ቀና አድርጋ፣ ከፊት ለፊታችን ባዶውን እያየች ነው።

"ቤቱን ለሰው ለቅቆ ወጣ እኮ፣ አባትሽ" አለችኝ ዝግ ብላ። "መሄጃ የለውም።"

ማዳመጫውን ከጆሮዬ አወረድኩ።

"ጠጋ በይለት" አለች። "ቆሞ ነው የሚያወራኝ።"

ጠጋ አልኩ።

በእናቴና በእኔ መሃል ያለው የወንበሩ ስፖንጅ... ቀስ ብሎ ወደ ታች ወረደ።