ዴስኩም ተነበበ

«ገቡ! የመጨረሻው መስመር አምስቱም ነጠብጣቦች ገቡ!» አለ ፕሮፍ፣ ላፕቶፑን ወደ ሚጡ እየገፋ።

ፕሮፍ የሚጡ የክፍል ጓደኛ ነው። ስሙን ያወጡለት ሊያሾፉበት ነበር፤ እሱ ግን ወደደውና መጠሪያው ሆኖ ቀረ። ስክሪኑ ላይ ማንም አንብቦት የማያውቅ የጥንት ጽሑፍ የተቀረጸበት ድንጋይ ፎቶ አለ። በምልክቶቹ መሃል ነጠብጣቦች አሉ። ሁለቱ ጓደኛሞች ነጠብጣቦቹን ከሰማይ ካርታ ጋር ያስተያያሉ። ነጠብጣቡ የትኛው ኮከብ እንደሆነ ሲያገኙ፣ የኮከቡን ስም በአራት የቆዩ ቋንቋዎች ይፈልጉና የመጀመሪያውን ድምፅ አጠገቡ ላለው ምልክት ይሰጡታል። ድምፆቹ ሲገጣጠሙ ቃል ይወጣል። እስካሁን «ዝናብ» እና «ንጉሥ» ወጥተዋል።

ከምሳ በኋላ ለፊዚክስ መምህራቸው ያቀርባሉ። መምህሩ ከወደዱት ለትምህርት ቤቶች ውድድር የሚሄዱት እነሱ ናቸው። ፕሮፍ በሕይወቱ ለምንም ነገር ተመርጦ አያውቅም፤ ለኳስ እንኳ የሚጠሩት ሰው ሲጎድል ነው። ዛሬ ሸሚዙን ተኩሶ መጥቷል።

«ቅድም ግን የገቡት ሦስቱ ብቻ ነበሩ» አለች ሚጡ።

«የሰማይ ካርታውን ዓመት ወደ ኋላ መለስኩት፣ ካርታውንም ትንሽ አዘነበልኩት። ድንጋዩ መቼ እንደተጻፈ ማን ያውቃል?»

«ታዲያ አንተ እንዴት አወቅህ?»

«አምስቱ ሲገቡ ነዋ! ምን ነካሽ?»

ፕሮፍ ውሃ ሊጠጣ ወጣ። ሚጡ ግራ ገባት። ነገሩ ልክ ይመስላል፣ ደግሞም አይመስልም፤ የቱ ጋ እንደተበላሸ ግን ልትይዘው አልቻለችም። ተክዛ ስታቀረቅር ዴስኩን አየች። ከእሷ በፊት የተቀመጡ ተማሪዎች በኮምፓስ ጫፍ በወጉት ቀዳዳና በቧጨሩት ጭረት ተሞልቷል። ለቀልድ ያህል ፎቶ አንስታ ላፕቶፑ ላይ ጫነችው። ቀዳዳዎቹን ነጠብጣብ፣ ጭረቶቹን ምልክት አድርጋ ዓመቱን ወደ ፊት አለችው፣ ወደ ኋላ አለችው፣ ካርታውን አዘነበለችው። ቀዳዳዎቹ ከከዋክብቱ ጋር ገጠሙ። ባንዱ ቋንቋ አልሆን ሲላት ከሌላው ወሰደች፤ ሲሠሩ የሰነበቱት እንደዚሁ ነበር። «ላም» ወጣ። ቀጥሎ «ንጉሥ»።

ፕሮፍ ሲመለስ አሳየችው።

«ይሄ ደግሞ የቱ ድንጋይ ነው?»

«ዴስካችን ነው።»

መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ዴስኩን አየ፣ ስክሪኑን አየ፣ ሳቁም ጠፋ።

«እና ምን እያልሽ ነው? የሠራነው ሁሉ ውሸት ነው?»

«እኔ እንጃ። አንዱ ቃል እውነት ሊሆን ይችላል። የትኛው እንደሆነ ግን በምን እናውቃለን?»

«ዝም ካልን ማንም አይነቃም።»

«እኔ ነቃሁ እኮ።»

«ሚጡ፣ በናትሽ። አንድ ጊዜ ብቻ።»

አንጀቷን በላት። እሷም ብትሆን ወደ ውድድሩ መሄድ ትፈልጋለች። የዴስኩን ፎቶ ለማጥፋት ጣቷን ዘረጋች፣ መልሳ ሰበሰበችው። ጓደኛን ማስከፋት ይሻላል ወይስ የማያውቁትን አውቃለሁ ማለት? ሁለቱም አስጠሏት።

የምሳ ሰዓት አልቆ መምህሩ በሩን ከፍተው ገቡ። «እህ፣ ተመራማሪዎች! ድንጋዩ ምን አለ?»

ፕሮፍ አንገቱን ደፍቶ የሸሚዙን ቁልፍ መነካካት ያዘ። ሚጡ እሱን ሳታየው ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን ከፈተችና ላፕቶፑን ወደ መምህሩ አዞረችው።

«ቲቸር፣ ሁለቱንም አንብበናቸዋል» አለች። «አንዱ ግን ዴስክ ነው።»