የቆንጅት ዋስ

ቆቦ የሚኖሩት እማማ ወሰንየለሽ ግማሽ አካላቸው የከዳቸው ሰሞን ሁለቱ ወንዶች ልጆቻቸው ሽማግሌ ሰበሰቡ። አንዱ ሮቢት ከተማ ነጋዴ፣ ሌላው ጎብዬ ላይ ገበሬ ነው፤ ሁለቱም እናታቸውን ከነፍሳቸው አብልጠው ይወዳሉ፣ ማጠብ ግን አይሆንላቸውም። ጊዜው ሁሉም ነገር በማኅበር የሆነበት የደርግ ዘመን ነበርና እናትም በማኅበር ትጦር ተባለ። ጧሪዋ ከደጋ የመጣችው የእማማ የእህት ልጅ ቆንጅት ናት። በየመኸሩ ከሁለቱ ወንድማማቾች ማሽላ ይሰፈርላታል፤ አክስቷ ሲያርፉ ጊደር ትነዳለች።

«የገዛ አክስቷን ለማስታመም ደመወዝ? ሰው ምን ይለናል!» አለ ታላቁ ልጅ አራጌ።

«ደመወዝ ማን አለህ? ማሽላ ነው» አሉ ሽምግልናውን የያዙት ቄስ ወልደ ሚካኤል።

ማሽላ ሲሆን ነውሩ ቀለለ።

«ባል አግኝታ ጥላት ብትሄድስ? ዋስ ትጥራ» አለ አራጌ እንደገና።

ቆንጅት ቆቦ ውስጥ ማንን ታውቃለች? ዓይኗ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲዞር፣ ለምስክርነት ተጠርቶ ጥግ ላይ የተቀመጠው ጎረቤት፣ መምህር ሙላው ላይ ደረሰና ቆመ። ሙላው መቼ እንደተነሳ አያውቅም።

«እኔ ዋስ ነኝ! አክስቷን ሳትቀብር ባል አታገባም። ብታገባ እኔን ያዙኝ!»

ወደ እሷ የሚወስደውን የራሱን መንገድ በራሱ አፍ እንደዘጋ የገባው ከተቀመጠ በኋላ ነው። ግን አልደነገጠም፤ አሮጊቷ መስከረምን እንደማይሻገሩ ቆቦ በሙሉ ተስማምቶ ነበር።

ያልተስማማችው ቆንጅት ብቻ ናት። ጠዋት ማታ ታገላብጣቸዋለች፣ ለብ ባለ ውሃ ታጥባቸዋለች፣ የደነዘዘ እግራቸውን በቅቤ ታሻለች። መስከረም ሲጠባ እማማ ቀና ብለው ተቀምጠው ጎረቤት ማማት ጀመሩ።

ሙላው ከትምህርት ቤት ሲመለስ ለጥየቃ ይገባል።

«እንዴት ዋሉ፣ እማማ?»

«ደህና ነኝ ልጄ። ምነው፣ ቅር አለህ?»

ቆንጅት ሳቋን በነጠላዋ ትሸፍናለች።

አንድ ቀን ደጃፍ ድረስ ስትሸኘው፣ «ምናለ ትንሽ ብትሰንፊ?» አላት።

«ውይ፣ እግዜር ይይልህ! ብሰንፍ ትወደኝ ነበር?»

ከዞብል ተራራ በኩል ትኩስ አቧራ የያዘ ነፋስ መጣ። እሷ ለዓይኗ፣ እሱ ለመልሱ ፊታቸውን አዞሩ።

በሁለተኛው መኸር፣ «ጓድ ሙላው፣ አብዮቱ ወለጋ ይፈልግሃል» ተባለ። አብዮቱ መቼም አንድ ቦታ አርፎ ሰው ፈልጎ አያውቅም።

«ሽማግሌዎቹን ዋስነቴን አውርዱልኝ በላቸው» አለችው ቆንጅት። «እንጋባና ሂድ። እኔ አክስቴን እየጦርኩ እጠብቅሃለሁ። እነሱ የፈሩት ጥያቸው እንዳልሄድ አይደል?»

«እላቸዋለሁ» አለ።

ሽማግሌዎቹ ሌላ ዋስ ለመተካት ተሰበሰቡ። ቆንጅት ከበሩ ኋላ ቆማለች።

«መምህር፣ ከዋስነትህ ከመውረድህ በፊት የምትለው አለ?» አሉ ቄስ ወልደ ሚካኤል።

ሙላው ፊታቸውን ሁሉ አየ። «ጠብቅ ቢሉት በላት» እያለ ገበያው ሲያሽካካበት ታየው። በሰው መሳቅ የሚወድ ሰው በራሱ ሲሳቅ አይችልም።

«የለኝም» አለ።

ልብስ ሰፊው አስፋው በምትኩ ዋስ ሆነ።

በማግስቱ አውቶቡሱ አጠገብ ቆንጅት መጣች። ሾፌሩ ጥሩምባ ሲነፋ ጠጋ አለችው።

«በሩ ኋላ ሆኜ ሰማሁህ» አለችው።

ሙላው ለእረፍት የተመለሰው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። እማማ ወሰንየለሽ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው አገኛቸው።

«ቆንጅትስ፣ እማማ?»

«አገባች እኮ! አስፋውን።»

«ዋሱን?»

«ዋሱን! ሽማግሌ ፊት ቆሞ ‹አውርዱኝ፣ ላገባት ነው› አላቸው። ቄሱ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። አራጌማ በሳቅ ሊሞት!»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ደገሱ። ማሽላዋንም አልከለከሏት። ይኸው ጓሮዬ ቤት ሠርተው ገብተዋል።» እማማ ደህናውን እጃቸውን ጉልበቱ ላይ ጣል አደረጉ። «የተሳቀው እስከሚቀጥለው ገበያ ነው ልጄ። ከዚያ የጎረቤታችን የነጅሙዲን ግመል ጉድጓድ ገባችና ሰው ሁሉ ወደዚያ ዞረ።»

ቆንጅት ሕፃን አዝላ ከጓሮ ብቅ አለች።

«መጣህ?»

«መጣሁ።»

ሕፃኑን አውርዳ ሰጠችው።

«እስኪ ያዝልኝ፣ ፀሐይ ሳይበረታባቸው ላስገባቸው።»

ሙላው የአስፋውን ልጅ ታቅፎ ደጃፍ ላይ ቀረ። ከውስጥ ድምፅዋ ይሰማዋል፤ «ይደገፉኝ፣ እማማ። አዎ፣ እንደሱ። አይዞዎት፣ አልጥልዎትም።»

በዚህ ድምፅ እሱም አንድ ጊዜ ተጠርቶ ነበር። አቤት አላለም።